በእናት በኩል

ደነባ ውስጥ አረጋውያን ስለ ጥንቱ ርስት ሲያወጉ ያዳመጠ ሰው አንድ ነገር ልብ ሳይል አይቀርም። የትውልድ ሐረጋቸውን ከአባት ይጀምሩና ሳይታሰብ ወደ እናት፣ ከእናትም ወደ አያት ይሻገራሉ፤ ጥሩው መሬት የደረሰን በእናት በኩል ነው የሚለው ብዙ ነው። የርስት ሥርዓት በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቢሻርም ወጉ ግን ከአንደበት አልጠፋም። እኔም ይህን በሰማሁ ቁጥር ሐሳቤ፣ ለምን እንደሆነ ኋላ እነግራችኋለሁ፣ ወደ ጥንታዊት ግብፅ ይሄዳል።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ16ኛው መቶ ዓመት ገደማ ሂክሶስ የተባሉ ባዕዳን ሰሜን ግብፅን ይዘው በነበረ ጊዜ የቴብስ ንጉሥ ሰቀነንሬ ታኦ ተገደለ። የመጥረቢያው ቁስል ዛሬም በደረቀ በድኑ ራስ ላይ ይታያል። በኋላ ባዕዳኑን ያባረረው አሕሞሴ በካርናክ ባቆመው ጽሑፍ ላይ እናቱን ንግሥት አሕሆቴፕን ሲያወድስ፣ ወታደሩን የጠበቀች፣ የኮበለለውን የሰበሰበች፣ ያመፀውን ጸጥ ያሰኘች ይላታል። አሕሆቴፕ በሚል ስም ከተቀበረች ንግሥት መቃብርም እ.ኤ.አ. በ1859 ሦስት የወርቅ ዝንቦች ወጥተዋል። የወርቅ ዝንብ በዚያ አገር በጦር ሜዳ ለዋለ ጀግና የሚሰጥ ሽልማት ነበር።

ይህን ታሪክ እንደ ተአምር የሚተርኩ ብዙዎች ናቸው። ለእኔ ግን ተአምር አይመስለኝም። የግብፅ ሴት በሰላሙ ጊዜ በስሟ ትወርስ፣ ትሸጥ፣ በሸንጎ ቆማ ትሟገት ነበር። ዙፋኑ ሲናጋ ከሰማይ የወረደላት አዲስ ሥልጣን የለም፤ ቀድሞም በእጇ የነበረው ታየ እንጂ።

ወደ ሸዋ የምመለሰውም በዚህ መንገድ ነው። በእኛም ዘንድ ርስት በአባትም በእናትም ይወረስ ነበር፤ በሰማንያ የተጋባች ሴት ትዳሩ ቢፈርስ ያመጣችውን ይዛ፣ አብረው ያፈሩትን ተካፍላ መውጣት ትችል ነበር። የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ እናት ወይዘሮ ዘነበወርቅ ሰላድንጋይ ላይ ተቀምጠው በስማቸው አገር ይገዙ ነበር፤ ሚሲዮናዊው ክራፕፍ በ1834 ዓ.ም. ከሸዋ ሲወጣ በእሳቸው ደጅ አልፏል። (ይህን ስጽፍ ግን አንድ ነገር ይከነክነኛል። በቤተ መንግሥቱ ጥጥ ሲፈትሉ ለሚውሉት ባሪያ ሴቶች ይህ ሁሉ መብት ምናቸውም አልነበረም።)

ከደነባ ወደ ሰሜን ጅሩ ነው፤ ከጅሩ ወዲያ የጀማ ሸለቆ፣ ከሸለቆው ማዶ መርሐቤቴ። የመርሐቤቴዋ ወይዘሮ ባፈና የምኒልክ ባለቤት በነበሩበት ዘመን፣ በ1869 ዓ.ም. ንጉሡ ወደ ጎጃም ዘምተው ሳለ፣ ከቀድሞ ትዳራቸው ከወለዷቸው ልጆች አንዱን ለአልጋው ለማብቃት ሤራ ጠነሰሱ፤ ሤራውም ከሸፈ። ስማቸው እስከ ዛሬ የሚነሣው በክዳት ነው። ክዳትስ ክዳት ነው፣ አልሸሽገውም። ነገር ግን በዚያው ዘመን ለልጁ አልጋ ሲል ያልሸፈተ ስንት መኳንንት ነበር? ወንዱ ሲያደርገው «ሸፈተ» ብለን እናልፋለን፤ ለባፈና ያቆየንላቸው ስም ግን ሌላ ነው።

ከሁሉ ይልቅ በሐሳቤ የሚመላለሱት ግን የሸዋ ሰው ያልሆኑት የወሎዋ ወርቂት ናቸው።

አጼ ቴዎድሮስ በ1848 ዓ.ም. ሸዋን ሲይዙ ሕፃኑን ምኒልክን ማርከው ወሰዱ፤ ኋላም ልጃቸውን አልጣሽን ዳሩላቸው። ምኒልክ ሚስታቸውን ትተው ከመቅደላ ያመለጡት በሰኔ 1857 ዓ.ም. ነው። ወደ ሸዋ የሚወስደው መንገድ በወርቂት ግዛት ያልፋል። የወርቂት ልጅ አመዴ ደግሞ በዚያው በመቅደላ አምባ እስረኛ ነበር። እንግዲህ አስቡት፤ ልጃቸው በቴዎድሮስ እጅ፣ የቴዎድሮስ ኮብላይ በእሳቸው እጅ። ልጄን በምኒልክ ልለውጥ ብለው አስበው ነበር የሚሉ አሉ። ማን እናት አታስብም? ቴዎድሮስ ግን ጊዜ አልሰጧቸውም። ምኒልክ ወርቂት ዘንድ መድረሳቸውን እንዳወቁ አመዴንና ሌሎች የወሎ እስረኞችን ከአምባው ወደ ገደል አስወረወሩ።

የልጃቸው መርዶ ሲደርስ የልጃቸው ሞት ምክንያት የሆነው ወጣት በደጃቸው ነበር። ሊያስሩት፣ ሊገድሉት፣ ቢያንስ ፊት ሊነሡት ይችሉ ነበር። አጃቢ ሰጥተው ወደ ሸዋ ሸኙት። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ምኒልክ የአባታቸውን አልጋ ያዙ፤ አድዋም፣ አዲስ አበባም ከዚያ ወዲያ የመጡ ናቸው። የምኒልክ ንግሥና በአንዲት ሴት እጅ ላይ ያደረችበት ሌሊት ነበረች ማለት ነው፤ ያቺን ሌሊት ግን ስንተርክ የምንተርከው የሚያመልጠውን ሰው እንጂ የመንገዱን ባለቤት አይደለም።

ብዙዎች ድርጊቱን ደግነት ይሉታል። እኔ ደግነት ብቻ አልለውም። ወርቂት ገዢ ነበሩ፤ ጠላታቸው ቴዎድሮስ እንደሆኑ፣ ከጀርባቸው ሸዋ ቢነሣ ለወሎ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃሉ። ሐዘኑም ስሌቱም በአንድ ልብ ውስጥ አብረው አደሩ።

በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲይዝ ሁለት የወሎ ንግሥታት አምባውን የእኔ ነው ብለው ይሻሙ ነበር። አንደኛዋ መስተዋት፣ ሁለተኛዋ ወርቂት ናቸው። ወርቂት የጠየቁት ልጃቸው የተወረወረበትን ያንኑ አምባ ነው። ለማንኛቸውም አልሆነ፤ እንግሊዞች አቃጥለውት ሄዱ።