ቴአትራችን ከጥቁር ሰሌዳ ሥር ነው የወጣው

ሰሞኑን የልጆች ትምህርት በተነሳ ቁጥር አንድ ነገር ይደጋገምብኛል። «ሥዕል፣ ሙዚቃ፣ ታሪክ፣ ሥነ ጽሑፍ ጥሩ ነው፤ ግን እንጀራ አይሆንም» ይባላል። እንጀራው ላይ አልከራከርም። የማልስማማው እነዚህን ትምህርቶች ሆድ ሲጠግብ እንደሚጨመር ጌጥ መቁጠሩ ላይ ነው። የአገራችን የትምህርት ታሪክ እንደዚያ አይልም። ነገሩ ትንሽ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

ከቅኔ ቤት ልጀምር። ብዙዎቻችን የቆሎ ተማሪ ሲባል የሚታየን ሽምደዳ ነው። ቅኔ ቤት ግን ሸምድዶ ማለፍ የለም። ተማሪው ባለ 2 ቤት ከሆነችው ጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ ወደ ዘአምላኪየ፣ ወደ ዋዜማ፣ ወደ ሥላሴ እያለ እስከ መወድስ ይወጣል። በየደረጃው የሚጠየቀው የራሱን ቅኔ ነው። ብቻውን ዛፍ ሥር ወይም ጫካ ገብቶ ሲቆጥር ይውልና መጥቶ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩ ያርመዋል። የትናንቱን ዛሬ ይዞ ቢመጣ አይቀበሉትም። በዚያ ላይ ሰምና ወርቅ አለ፦ አንድ ቃል ሁለት ነገር ሊል እንደሚችል፣ ላይ ላዩን የሚታየው ሁሉ እንዳልሆነ በየቀኑ መለማመድ ማለት ነው። ዛሬ በእንግሊዝኛ ስም ሰጥተን ስልጠና የምንወስድበት «ፈጠራ» እና «በጥልቀት ማሰብ» እኮ ይኸው ነው።

ጉድለት አልነበረውም ማለቴ አይደለም። ተማሪው ቁራሽ እየለመነ ነው የሚማረው። በሩም ለሴት ልጅ ዝግ ነበር ማለት ይቻላል፤ እንደ እማሆይ ገላነሽ ያለች፣ ዓይነ ስውር ሆና ቅኔ ተምራ ያስተማረች ሴት ስሟ እስከ ዛሬ የሚነሳው ብርቅ ስለሆነች ነው።

አሁን ወደ ከተማ እንምጣ። ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በ1900 ዓ.ም. አካባቢ ሲከፈት መምህራኑ ከግብፅ የመጡ ኮፕቶች ነበሩ። ቤተ ክህነት የፈረንጅ ትምህርት ሃይማኖት ያበላሻል ብላ ስለሰጋች የተገኘ መላ ነው። ትምህርቱ በአብዛኛው ቋንቋ ነበር። መንግሥት አስተርጓሚና ጸሐፊ ነበር የፈለገው። በ1917 ዓ.ም. ተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ተከተለ።

እዚህ መሃል የቴአትር ነገር ይገባል። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ሩሲያ ተምረው የተመለሱ ሰው ናቸው። እዚህ ቴአትር እየተባለ የሚታየው ዘፈንና ጭፈራ ብቻ መሆኑን አይተው «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮመዲያ»ን ጻፉ። አውሬዎቹ የሚናገሩት ስለ መኳንንቱና ስለ አስተዳደሩ መሆኑ ለማንም አልተሰወረም፤ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታገደ። የመጀመሪያው የአማርኛ ቴአትር ዕጣ ይህ ሆነ።

ታዲያ ቴአትር በየት በኩል ተመለሰ? በክፍል በኩል! ዮፍታሔ ንጉሤ የደብረ ኤልያስ ልጅ ነው፣ ከቅኔ ቤት የወጣ። አዲስ አበባ መጥቶ በቅዱስ ጊዮርጊስ ትምህርት ቤት አስተማሪ ሆነ፤ ለተማሪዎቹም ቴአትር እየጻፈ አጫወታቸው። መላኩ በጎሰውም በዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ይህንኑ ያደርግ ነበር። ጸሐፊው አስተማሪ፣ ተዋናዩ ተማሪ። ያኔ ሌላ የሰለጠነ ተዋናይ ከየት ይመጣል? የንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ግጥምም የዚሁ አስተማሪ ነው፤ ዜማውን የሠራው ደግሞ አርመናዊው ኬቮርክ ናልባንድያን ነው፣ ከኢየሩሳሌም ከመጡት 40 ወላጅ አልባ ልጆች ጋር የተያያዘው ሙዚቀኛ። እኔን የሚገርመኝ ይሄ ነው፦ ዋዜማና መወድስ ሲቆጥር ያደገ ሰው፣ ለማርሽ ባንድ የሚሆን ግጥም ጻፈ። ድሮ የተማረው ትምህርት ለአዲሱ ሥራ አገለገለው።

ጣሊያን ሲገባ ዮፍታሔ ተሰደደ። የፋሺስቱ አስተዳደር በአገሬው ልጅ ትምህርት ላይ ያደረገውን ልብ በሉ፦ ከዝቅተኛ ደረጃ እንዳያልፍ ወሰነው። እጁ እንዲሠራለት ይፈልጋል፤ ማሰቡንና መጻፉን ግን አይፈልግም። ከነፃነት በኋላ ዮፍታሔ ተመልሶ «አፋጀሽኝ»ን ጻፈ፤ በ1939 ዓ.ም. አረፈ።

ከዚያ አንድ ትውልድ አለፍ ብለን አምቦ እንሂድ። ጸጋዬ ገብረ መድኅን ገና ወደ 13 ዓመት ገደማ ሳለ፣ አምቦ በሚገኘው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ትምህርት ቤት ስለ ንጉሥ ዲዮኒሰስና ሁለት ወንድማማቾች ተውኔት ጽፎ ጃንሆይ ባሉበት ታየለት። አስቡት፦ ከቦዳ የመጣ፣ አፉን በኦሮምኛ የፈታ ልጅ፣ በጥንት ግሪኮች ታሪክ ተውኔት ጻፈ። ይህ እንዲሆን አንድ አስተማሪ ያንን ታሪክ ክፍል ውስጥ ማንሳት ነበረበት፣ አንድ ትምህርት ቤት መድረክ መስጠት ነበረበት። ችሎታው የልጁ ነው፤ አጋጣሚው ግን የትምህርት ቤቱ ነው።

ገብረ ክርስቶስ ደስታም አለላችሁ። አባቱ አለቃ ደስታ የብራና መጻሕፍትን በሥዕል የሚያስጌጡ የቤተ ክህነት ሰው ነበሩ። እሱ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሲገባ የተማረው እርሻ ነው። ትቶት ወጣ። ጀርመን፣ ኮሎኝ ሄዶ ሥዕል ተማረና ተመልሶ አለ ፈለገ ሰላም በመሠረቱት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አስተማሪ ሆነ። በእርሻው ቢገፋበት መካከለኛ የእርሻ ባለሙያ እናገኝ ነበር፤ ምናልባት ጥሩም ሊሆን ይችላል። «ሀገሬ» የሚለውን ግጥም ግን አናገኝም ነበር።

እንግዲህ ወደ 70/30 ደረስኩ። በ2001 ዓ.ም. አካባቢ የተጀመረው ይህ ድልድል ዩኒቨርሲቲ ከሚገባው ተማሪ 70 በመቶውን ለተፈጥሮ ሳይንስና ለቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶውን ለማኅበራዊ ሳይንስና ለሰብዓዊ ጥናት መደበ። ምክንያት አልነበረውም አልልም። መንገድ የሚሠራ፣ ግድብ የሚገነባ፣ የሚያክም ሰው ያስፈልግ ነበር፣ ዛሬም ያስፈልጋል። ችግሩ ቁጥሩ ከዩኒቨርሲቲ ወርዶ የሰው ጭንቅላት ውስጥ መግባቱ ነው። «ናቹራል» የጎበዝ፣ «ሶሻል» የሰነፍ ሆነ። ልጁ ታሪክ እወዳለሁ ሲል ቤተሰብ ይደነግጣል። የታሪክ ክፍሎች የሚመደብላቸው ተማሪ እየመነመነ ሄደ፤ ተማሪ ሲጠፋ ነገ የሚያስተምረውም ይጠፋል።

በሌላ በኩል ደግሞ ታሪክ ራሱ አልጠፋም። እዚሁ ፌስቡክ ላይ መጣ! በየቀኑ ስለ ምኒልክ፣ ስለ ዮሐንስ፣ ስለ ገዳ፣ ስለ ግራኝ አሕመድ እንተላለቃለን። ፎቶ ይለጠፋል፣ መቼና ማን እንዳነሳው የሚጠይቅ የለም። ከአንድ መጽሐፍ ግማሽ ገጽ ይቆረጣል፣ የቀረውን ግማሽ የሚፈልግ የለም። የታሪክ ትምህርት ክፍል ውስጥ በደህና ሲሰጥ እኮ ዋናው ነገር የነገሥታት ዝርዝር አይደለም። ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ የጻፉትን የምኒልክ ዜና መዋዕል ይዘህ፦ ይህ ሰው የቤተ መንግሥት ሰው ነው፣ ምን ሊያጋንን፣ ምን ሊያልፍ ይችላል? ብለህ መጠየቅ ነው። ከዚያ በዚያው ዘመን የመጣውን ፈረንጅ ማስታወሻ አጠገቡ አስቀምጠህ ያንኑ ጥያቄ መድገም ነው፤ ፈረንጁም የራሱ ጉዳይ አለውና። ይህን ያልተለማመደ ኢንጂነርም ሆነ ሐኪም የመጣለትን ፖስት ሁሉ ይውጣል። ሰሙን ይዞ ወርቁን ይስታል ማለት ነው፣ በቅኔ ቤቱ አነጋገር።

ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ታሪክ ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች በጋራ ኮርስነት ተዘጋጅቷል። ጥሩ ነው፤ ግን 12 ዓመት ሙሉ ማስረጃ መመርመር ያልተለማመደን ልጅ በአንድ ሴሚስተር ማቅናት ከባድ ነው። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ደግሞ ከታች ክፍል ጀምሮ የክወናና የእይታ ጥበባት የሚባል ትምህርት ገብቷል። መጽሐፉን አይቼዋለሁ፣ ባህላዊ መሣሪያዎችም ሥዕልም ድራማም አለበት። የሚያሳስበኝ ክፍል ውስጥ ማን ይዞት እንደሚገባ ነው። ክፍለ ጊዜ የጎደለው የሌላ ትምህርት መምህር ማሟያ ተደርጎ ከተሰጠው፣ ልጁ የክራርን ክሮች ቁጥር ለፈተና ይሸመድዳል፣ ክራር ሳይነካ ያልፋል።

አስተማሪ የሆናችሁ እስኪ ንገሩኝ፦ እናንተ ጋ ይህን ትምህርት ማን ነው የያዘው? ድሮ የተማራችሁስ፣ ሥዕል ወይም ሙዚቃ ያስተማራችሁ ሰው ነበር? የትኛው ከተማ፣ በስንት ዓ.ም.? ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፣ እየሰበሰብኩ ነው።