የኢንሱሊን ታሪክና የሰዓቱ ነገር

ከመድኃኒት ቤት መስኮት አንድ የኢንሱሊን ብልቃጥ ለበሽተኛ ሲሰጥ አብሮ ሊሰጥ የሚገባው ሌላ ነገር አለ፤ እርሱም ሰዓት ነው። መድኃኒቱ መቼ ሥራውን እንደሚጀምር፣ መቼ እንደሚበረታና መቼ እንደሚያበቃ ያልተነገረው በሽተኛ የመድኃኒቱን እኩሌታ ብቻ ይዞ እንደ ሄደ ይቆጠራል። የኢንሱሊን ታሪክም ከግማሽ በላይ የዚህ ሰዓት ታሪክ መሆኑን በዚህ አጭር ጽሑፍ ለማሳየት እንሞክራለን። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ1889 ሚንኮውስኪና ፎን ሜሪንግ የተባሉ ሊቃውንት በስትራስቡርግ ከተማ የአንድን ውሻ ቆሽት ቢያወጡ፣ እንስሳው በስኳር በሽታ ተያዘ። ከዚያ ወዲህ በቆሽት ውስጥ የደምን ስኳር የሚገዛ ነገር መኖሩ ቢታመንም፣ ያን ነገር ለይቶ ማውጣት ከ30 ዓመት በላይ ፈጀ። በመጨረሻ በ1921 በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ፣ በፕሮፌሰር ማክላውድ ቤተ ሙከራ፣ ሐኪሙ ባንቲንግና ተማሪው ቤስት ከቆሽት የሚሠራ ጭማቂ አወጡ። ጃንዋሪ 11 ቀን 1922 ሌናርድ ቶምሰን ለተባለ የ14 ዓመት ልጅ የተሰጠው የመጀመሪያ መርፌ ንጹሕ ስላልነበረ እምብዛም አልረዳም። የባዮኬሚስትሪው ባለሙያ ኮሊፕ ካጠራው በኋላ በዚያው ወር በ23ኛው ቀን የተሰጠው ግን የልጁን ስኳር አወረደ። እስከዚያ ድረስ ለእንዲህ ያለ ልጅ የነበረው ሕክምና ምግብን እጅግ በመቀነስ ዕድሜን ጥቂት ማራዘም ብቻ ነበር።

አዲሱ መድኃኒት ሕይወትን ሲያድን ሌላ ሸክም አመጣ። ሥራው ከ6 እስከ 8 ሰዓት ብቻ የሚቆይ በመሆኑ በቀን ደጋግሞ መወጋት ግድ ሆነ። ይህን ለማቅለል የዴንማርኩ ሐኪም ሃጌዶርን በ1936 ኢንሱሊንን ከዓሣ የወንዴ ዘር ከሚገኝ ፕሮታሚን ጋር አዋሕዶ ቀስ ብሎ ወደ ደም እንዲገባ አደረገ። ከዚህ ተሻሽሎ በ1946 የተሠራው ኤን.ፒ.ኤች. እስከ ዛሬ ያገለግላል። በ1982 በባክቴሪያ አማካይነት የተሠራው የሰው ኢንሱሊን ተፈቀደ፤ በ1996 ፈጣኑ ሊስፕሮ፣ በ2000 ደግሞ አንድ ቀን ያህል የሚቆየው ግላርጂን ተከተሉ።

ከዚህ ታሪክ ለዕለት ሥራችን የምናገኘው ትምህርት አለ። ቀድሞ ጥርት ያለው ኢንሱሊን ፈጣን፣ የደፈረሰው ዘገምተኛ ነው ተብሎ ይለይ ነበር። ግላርጂን ግን ዘገምተኛ ሆኖ ሳለ እንደ ውሃ የጠራ ነው፤ ስለዚህ ዛሬ በዓይን መለየት አያስተማምንም፤ ስሙን ማንበብ ይገባል።

ሁለተኛው የጾም ጉዳይ ነው። ሬጉላር ኢንሱሊን በግማሽ ሰዓት ጀምሮ ከ2 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ይበረታል። ኤን.ፒ.ኤች. ግን የሚበረታው ከ4 እስከ 10 ሰዓት ገደማ ቆይቶ ነው። እንግዲህ ጠዋት በ1 ሰዓት ተወግቶ እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው መድኃኒቱ በሚበረታበት ጊዜ ሆዱ ባዶ ነው። ላብ፣ መንቀጥቀጥና የልብ ትርታ ሲመጣበት የጾም ድካም መስሎት ሊታገሥ ይችላል፤ ትዕግሥቱም ራሱን እስከ መሳት ያደርሰዋል። ለደም ግፊት ፕሮፕራኖሎል የሚወስድ ከሆነ ደግሞ መድኃኒቱ መንቀጥቀጡንና የልብ ትርታውን ይሸፍንበታል፤ የሚቀረው ምልክት በአብዛኛው ላብ ብቻ ነው። በባዶ ሆድ የሚጠጣ አልኮልም ጉበት ስኳር እንዳይሠራ በማገድ አደጋውን ያብሳል። ፕሬድኒሶሎን በአንጻሩ ስኳርን ከፍ ያደርጋል።

ስለሆነም የሙያ ባልደረቦቻችን ብልቃጡን ከመስጠታቸው በፊት «ይጾማሉ ወይ? ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ ወይ?» ብለው ቢጠይቁ መልካም ነው። የሚጾም ከሆነ መርፌውን በራሱ ፈቃድ እንዳያቋርጥ መክሮ፣ መጠኑና ሰዓቱ እንዲስተካከልለት ወደ ሐኪሙ መላክ ያስፈልጋል። ጥያቄው የሚወስደው ጊዜ ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም።