የተሸሸገው ተናጋሪ፤ በካዛንችስ አዝማሪ ቤቶች ስምን ሰውሮ ስለ መናገር

ሰው ስሙ ካልታወቀበት ይሉኝታው ይቀራል የሚለው አሳብ እጅግ የቆየ ነው። የግሪኩ ፈላስፋ ፕላቶን ስለ እረኛው ጊጌስ ሲተርክ፣ እረኛው የጣቱን ቀለበት ባዞረ ጊዜ ከዓይን ይሰወር ስለ ነበረ ያለ ፍርሃት ክፉ ሥራ ሠራ ይላል። ፈረንሳዊው ጉስታቭ ለ ቦን በ1895 እ.ኤ.አ. ስለ ተሰበሰበ ሕዝብ ጠባይ ባሳተመው መጽሐፍ ይህንኑ የመሰለ ነገር ጻፈ። ፌስቲንገርና ባልደረቦቹም በ1952 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ ሰው በማኅበር ውስጥ ተለይቶ መታየቱ ሲቀር የሚገታው ልጓም ይላላል ብለዋል። እኛ ግን አሳቡን በአገራችን ነገር ሳንፈትን መቀበል አልወደድንም፤ ለፈተናውም የካዛንችስን አዝማሪ ቤት መረጥን።

ካዛንችስ ስሙን ያገኘው በጠላት ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፣ ለኢጣልያ መንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ ከነበረው ድርጅት ነው። «ካዛ» ቤት ማለት ሲሆን የቀረው የድርጅቱ ስም ምሕጻር ነው። በ1950 ዓ.ም. የአፍሪካ ኤኮኖሚ ኮሚሽን ተቋቁሞ፣ በ1953 ዓ.ም. የአፍሪካ አዳራሽ ሲመረቅ፣ ጸሐፊውም ሾፌሩም የውጭ አገር እንግዳውም በአካባቢው ተቀላቀለ። በደርግ ዘመን የሰዓት እላፊ የሌሊቱን ጨዋታ አቀዘቀዘው። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ግን፣ ዛሬ በቂርቆስ ክፍለ ከተማ በሚገኘው በዚህ ሰፈር አዝማሪ ቤቶች በዝተው ታወቁ። ለጥናታችን የሚጠቅመውም ይህ ነው፤ እርስ በርሱ የማይተዋወቅ ሰው ጉልበት ለጉልበት ተነካክቶ በአንዲት ጠባብ ክፍል ይቀመጥ ነበርና።

የአሠራሩ ሥርዓት እንዲህ ነው። አዝማሪው ማሲንቆውን እየገዘገዘ በእንግዶቹ መካከል ይዘዋወራል። አንዱ እንግዳ «ተቀበል!» ብሎ ስንኙን ያቀብለዋል፤ አዝማሪው ተቀብሎ ለመላው ቤት ያዜመዋል። ስንኙን ያቀበለውን በአጠገቡ ያሉት ያውቁታል፤ በወዲያኛው ጥግ ያሉት ግን የሚሰሙት የአዝማሪውን ድምፅ ብቻ ነው። ከዚህ የረቀቀም አለ። ጓደኛ በጓደኛው ጆሮ ሳይሆን በአዝማሪው ጆሮ ጠጋ ብሎ፣ ያ ሰው የየት አገር ልጅ እንደ ሆነ፣ ሥራው ምን እንደ ሆነ፣ ምን ጉድ እንዳለበት ይነግረዋል። ጥቂት ቆይቶ የሰውዬው ገመና በግጥም ተለውጦ ሲዜምበት ቤቱ በሣቅ ይሞላል፤ ባለ ገመናውም ማን እንዳሳበቀበት ሳያውቅ ከሌላው ጋር አብሮ ይሥቃል፤ ገንዘብም አውጥቶ ይሸልማል። አዝማሪዎች ደግሞ እርስ በርሳቸው የሚነጋገሩበት የምሥጢር ቋንቋ አላቸው፤ ዎልፍ ሌስላው ስለ ኢትዮጵያ የምሥጢር ቋንቋዎች በ1964 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ይህንኑ መዝግቦታል። ስለዚህ በዚያ ክፍል ውስጥ የተሰወረው እንግዳው ብቻ አይደለም።

እንግዲህ ለ ቦን እንዳለው ቢሆን ኖሮ ይህ ቤት በየሌሊቱ የጠብ ቤት በሆነ ነበር። ያልሆነበት ምክንያት ለእኛ እንደሚመስለን፣ የተሰወረው ባለ ቃሉ እንጂ ቃሉን የሚሸከመው ሰው ስላልሆነ ነው። አዝማሪው በሁሉ ፊት ቆሟል። እንጀራው ከሰሚው እጅ ስለ ሆነ ስድቡን ያለዝበዋል፤ ቤት ያልመታውን ያስተካክለዋል፤ የማይደፈረውን እንዳልሰማ ያልፈዋል። ተናጋሪውም ቢሆን ቁጣውን በሁለት ስንኝ ለማሰር ሲደክም ቁጣው ይበርዳል። ዶናልድ ሌቪን በ1965 እ.ኤ.አ. «ሰምና ወርቅ» በተባለው መጽሐፉ ቅኔ ባለ ሥልጣንን ለመንቀፍና ሰውን በተፈቀደ መንገድ ለመዝለፍ እንደሚያገለግል ገልጿል። መልካም ተናግሯል፤ ነገር ግን ዓይኑ ያረፈው በቃሉ ላይ ነው፤ በመካከል ለቆመው ሰው የሰጠው ስፍራ ጥቂት ይመስለናል። አበው «እረኛ ምን አለ?» እያሉ ሲጠይቁ፣ እኛም ዛሬ ምንጩን ላለመግለጥ «ወፍ ነገረኝ» ስንል፣ አንድ ተሸካሚ በመካከል ማቆማችን ነው።

የዚህ ሥርዓት ዋጋ ግን ቀላል አልነበረም። ባለ ቃሉ ሲታጣ የሚቀጣው ተሸካሚው ነው። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ በአዲስ አበባ ሕዝብ ላይ የወረደው እልቂት የታወቀ ነው። በመጋቢት ወር ግራዚያኒ ወደ ሮማ በላከው ቴሌግራም፣ የኢጣልያ አገዛዝ በቅርቡ ያበቃል የሚል ወሬ ስለሚነዙ፣ እየዞሩ የሚያዜሙትን፣ ጠንቋዮችንና አስማተኞችን እያስያዘ እንዲጠፉ ማዘዙን አስታወቀ። በኢጣልያንኛ «ካንታስቶሪ» የተባሉት እየዘፈኑ ታሪክ የሚነግሩ ናቸው፤ በአገራችን ይህ ስም ከአዝማሪ በቀር በማን ላይ ሊያርፍ ይችላል? የሚያስገርመው፣ በዚያችው በሮማ ከ1501 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፓስኩዊኖ የሚባል የተሰባበረ ጥንታዊ ሐውልት በአደባባይ ቆሟል፤ ሕዝቡም ጳጳሳቱን የሚነቅፍ ግጥም ስሙን ሳይጽፍ ይለጥፍበት ነበር። ሐውልት አይገደልም፤ አዝማሪ ግን ሰው ነው።

ተሸካሚው ጨርሶ ሲታጣስ? በ1966 ዓ.ም. ክረምት «ዴሞክራሲያ» እና «የሰፊው ሕዝብ ድምፅ» የተባሉት ወረቀቶች የአዘጋጅ ስም ሳይኖርባቸው በአዲስ አበባ ከእጅ ወደ እጅ ተላለፉ። ስማቸውን የሸሸጉት በፈሪነት አልነበረም፤ በጊዜው ስም መጻፍ ራስን አሳልፎ መስጠት ነበር። በኋላ ኢሕአፓና መኢሶን ተብለው የታወቁት ሁለቱ ወገኖች ግን በእነዚሁ ወረቀቶች ሲከራከሩ ቃላቸው እየመረረ ሄደ፤ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. የሆነውን አንባቢ ያውቀዋል። የደሙ መንሥኤ ስም አለመጻፉ ነው ማለታችን አይደለም። የምንለው፣ ወረቀቱን አንብቦ የተቆጣ ሰው ፊት ለፊት የሚያየውና መልሱን የሚቀበልለት ሰው አልነበረም፤ ቃሉን የሚያለዝብም አልነበረም።

በ2017 ዓ.ም. የካዛንችስ ብዙ ቤቶች ለኮሪደር ልማት ፈርሰዋል፤ ነዋሪውም ወደ ሌላ ስፍራ ተዛውሯል። በዚያ ያገለገሉትን አዝማሪዎች በየሄዱበት ፈልጎ ማነጋገር ለዚህ ኮሌጅ ተማሪዎች የሚከብድ ሥራ አይደለም። ያዜሙትን ብዙ ሰው ሰምቶታል። ስለዚህ አስቀድመን ልንጠይቃቸው የሚገባው፣ «ተቀበል» ተብለው አልቀበልም ያሉት ስንኝ የትኛው እንደ ነበረና ስለ ምን እንዳልተቀበሉት ነው።