መርካቶን ያቆመው ጓሮ

የመርካቶ ታሪክ ሲነሣ ወሬው ብዙ ጊዜ ከጣሊያን ይጀምራል። እውነት ነው፤ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየው ወረራ ፋሺስቶቹ ከተማዋን የነጭና የጥቁር ብለው ሲከፍሉ፣ ጊዮርጊስ አጠገብ የነበረውን የአራዳ ገበያ አንሥተው ወደ ምዕራብ ገፉት። ዛሬ አዲስ ከተማ የምንለው ሰፈር የአገሬው ሰው መገበያያ እንዲሆን ተወሰነ። ገበያውን እዚያ ያስቀመጠው ጣሊያን ይሁን እንጂ፣ አቁሞ ያቆየው ጉራጌ አገር ያለው የእንሰት ጓሮ ነው ብዬ አምናለሁ። የነጋዴ ልጅ ነኝ፤ ያደግሁት በአባቴ ሱቅና በጉመር ባለው የአያቴ ጓሮ መካከል ነው።

እንሰት ከውጭ ሲያዩት ሙዝ ይመስላል። የሚበላው ግን ፍሬው ሳይሆን ግንዱና ሥሩ ነው። አተካከሉ ደግሞ ራሱን የቻለ ጥበብ ነው። ገበሬው ዘር አይዘራም። ገና ያልጎለመሰ እንሰት ቆርጦ ሥሩን ያወጣል፣ መካከል ላይ ያለውን የእድገት እምብርት ፈልፍሎ ይጥላል፣ ከዚያ ፍግ አልብሶ መልሶ ይቀብረዋል። አንድ ብቻ ያድግ የነበረው ተክል ከወራት በኋላ በዙሪያው ብዙ ችግኝ ያፈላል፤ አንዳንዱ ከመቶ በላይ። ችግኙ ተነቅሎ ይተከላል፣ ሲጠነክር እንደገና ተነቅሎ ራቅ ራቅ ተደርጎ ይተከላል። ለመፋቅ እስኪደርስ እንደ አገሩ ቅዝቃዜ ከአራት እስከ ሰባት ዓመት፣ ደጋ ላይ ከዚያም በላይ ይፈጃል።

ተከላው የወንድ ሥራ ነው፤ መፋቁ የሴት። የትኛው እንሰት እንደደረሰ የምትወስነው አያቴ ነበረች። እንሰት በዕድሜው አንዴ ብቻ አብቦ ስለሚሞት፣ ሊያብብ ሲል መያዝ አለበት። አያቴ ቅርፊቱን ዘንበል ባለ ጣውላ ላይ አስደግፋ፣ በአንድ እግሯ ቆንጥጣ ይዛ፣ በተሰነጠቀ ቀርከሃ ከላይ ወደ ታች ትፍቀዋለች። ወተት የመሰለው ውኃ ወርዶ ሲረጋ ቡላ ይሆናል፤ ጣውላው ላይ የሚቀረው ነጭ ጭረት ቃጫ ነው። የተፋቀውና የተከተፈው ሥር ኮባ በተነጠፈበት ጉድጓድ ይቀበርና ይብላላል፤ ያ ነው ቆጮ። ከጉድጓዱ እየተቆነጠረ ወራት፣ ሲያስፈልግም ዓመታት ይበላል።

የመርካቶ ጉዳይ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ጤፍና ስንዴ የሚያርስ ሰው በክረምት መግቢያ በሬ ጠምዶ እርሻው ላይ ካልተገኘ ቤቱ ይራባል። እንሰት እንዲህ ያለ ቀን አይቆርጥም። በሬና ሞፈር አይጠይቅም፣ ዓመቱን ሙሉ ይፋቃል፣ ዝናብ ቢዘገይም ይታገሣል። ባልየው ለተከላ ደርሶ ቢመለስ ሚስት ልጆቿን ከጓሮዋ ታበላለች። ስለዚህ ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ የጉራጌ ወንዶች ለጉልበት ሥራ አዲስ አበባ ሲወርዱ፣ ከኋላቸው የተራበ ቤት አልተዉም። ሱቅ በደረቴ ይዞ መዞር፣ ከዚያ አንዲት በረንዳ መያዝ፣ ከዚያ ዐረቦች ይሠሩበት የነበረውን ሱቅ መረከብ፤ ይህ ሁሉ ትርፉን ሳይበሉ መልሶ ለመነገድ የቻለ ሰው ሥራ ነው። አባቴ ወደ ጉመር የሚልከው ገንዘብ ለጨው፣ ለልብስና ለግብር ነበር እንጂ ለእህል አልነበረም። ስለ ጉራጌ ታታሪነት ብዙ ይወራል፤ ደግ ነው። ስለ ሴቶቹ ክንድና ስለ ጓሯቸው ግን በቂ አልተወራም።

ጓሮው ራሱም መርካቶ ገብቷል። ቆጮው፣ ቡላው፣ ከቃጫ የተገመደው ገመድ፣ በኮባ የተጠቀለለው ቅቤ፣ ሁሉም በገበያው አለ። በበዓል ዋዜማ የጎጃሙም የወሎውም ሰው ለድፎ ዳቦው ኮባ ሲገዛ ይታያል። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው መጽሐፍ የእንሰትን ሥዕል አውጥቷል፤ ያየውም ሰሜን ኢትዮጵያ ውስጥ ነበር። ሰሜኑ ዛሬ ቅጠሉን ይወስዳል፣ ሥሩን አይበላም። ተክሉ በዱር በሌሎችም የአፍሪካ አገሮች ይበቅላል፤ አልምቶ ምግብ ያደረገው ግን ኢትዮጵያዊ ብቻ ነው።

አሁን የሚያስፈራኝ አጠውልግ የሚባለው የእንሰት በሽታ ነው። በሽታው በሳይንስ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1968 እዚሁ አገራችን፣ በእንሰት ላይ ነው፤ በ2001 ኡጋንዳ ደርሶ የሙዝ እርሻዎችን አጠፋ። ባክቴሪያው ከታመመው ወደ ጤነኛው የሚሻገርበት ዋናው መንገድ የገበሬው ቢላዋ ነው። መሀል ያለው ቅጠል ይጠወልጋል፤ ግንዱ ሲቆረጥ ቢጫ ፈሳሽ ይወጣል፤ ሰባት ዓመት የተጠበቀ ተክል በሳምንታት ይሞታል። የታወቀ መድኃኒት የለውም። ያለው መላ የታመመውን ነቅሎ መቅበርና ቢላዋውን ከእንሰት ወደ እንሰት ሲሻገሩ እሳት ውስጥ መክተት ነው። ሥራው አድካሚ ነው፤ ትኩስ ቢላዋ እስኪበርድ መጠበቅ የሚሰለቸው ብዙ ነው። ስለዚህ ለመስቀል ሱቅ ዘግተን ስንወርድ፣ ከሥጋውና ከቅቤው ጋር ለዘመዶቻችን ትርፍ ቢላዋ ከመርካቶ ገዝተን እንይዛለን፤ አንዱ እሳት ላይ ሲሆን በሌላው እንዲሠሩ።