ኡጋንዳ በሽታዋን ያልደበቀችበት ዘመን

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላል ያገራችን ሰው ሲተርት። ተረቱ የተተረተው ስለ አንድ ሰው ነው፤ ነገር ግን አገርም እንደ ሰው በሽታዋን ትደብቃለች። ጎረቤት እንዳይሰማ፣ ጎብኚና ነጋዴ እንዳይሸሽ፣ ስሟ እንዳይጠፋ ብላ ትደብቃለች። በዚህ እትም የምናወሳው በተቃራኒው መንገድ ስለ ሄደች አንዲት የምሥራቅ አፍሪካ አገር ነው። አገሪቱ ኡጋንዳ ናት፤ በሽታውም ኤድስ ነው።

ይህን ታሪክ የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። በዚህ ካምፕ ሰው ስለ ወባውና ስለ ታይፎይዱ በአደባባይ ያወራል፤ ስለ ኤች.አይ.ቪ ሲሆን ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ያ በሽታ» ይላል። ክኒኑን በወረቀት ጠቅልሎ ከፍራሹ ሥር የሚሸሽግ፣ ጎረቤት እስኪተኛ ጠብቆ የሚውጥ ወገን በመካከላችን አለ። ይህ ወገን የሚፈራው በሽታውን ሳይሆን እኛን ነው። ስለዚህ ሌሎች ሕዝቦች ይህን ፍርሃት እንዴት እንደ ታገሉት ማወቅ ይጠቅመናል ብለን አምነናል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባብያን ልብ ይበሉልን።

ታሪኩ የሚነሣው ከቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር ነው። ከታንዛኒያ ድንበር አጠገብ፣ በራካይ አውራጃ፣ ካሴንሴሮ የምትባል የዓሣ አጥማጆች መንደር አለች። ኢዲ አሚን በ1979 ከሥልጣን ከወረዱ በኋላ አገሪቱ ገና ዕረፍት ሳታገኝ ሌላ የእርስ በርስ ጦርነት ውስጥ ገብታ ነበር፤ መንደሪቱም የኮንትሮባንድ ዕቃ መተላለፊያ ነበረች። በ1982 ገደማ ጉልበታም የነበሩ ወጣቶች እየከሱ፣ ትኩሳትና ተቅማጥ እየበረታባቸው ይሞቱ ጀመር። ሕዝቡም በሽታውን «ስሊም» አለው፤ ቀጭን ወይም ከሲታ እንደ ማለት ነው። ብዙው ሰው ነገሩን ለድግምት ሰጠው፤ የተታለሉ ነጋዴዎች ከድንበሩ ማዶ የላኩት እርግማን ነው ተባለ። በ1985 የኡጋንዳና የውጭ አገር ሐኪሞች በጋራ ያደረጉት ምርመራ ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ታትሞ ሲወጣ፣ «ስሊም» የተባለው ደዌ በሌላው ዓለም ኤድስ ከሚባለው ጋራ የተያያዘ መሆኑ ታወቀ።

በጥር 1986 በዮዌሪ ሙሴቬኒ የሚመራው የሽምቅ ጦር ካምፓላን ያዘ። አዲሱ መንግሥት የተረከበው ካዝናው የተራቆተ፣ ሆስፒታሎቹ የፈራረሱ አገር ነበር። በዚያው ዓመት በግንቦት ወር የጤና ሚኒስትሩ ሩሃካና ሩጉንዳ በጄኔቭ በተደረገው የዓለም ጤና ጉባኤ ላይ ቆመው በአገራቸው ኤድስ መኖሩን በግልጽ ተናገሩ፤ እርዳታም ጠየቁ። ያን ጊዜ ብዙዎቹ የአፍሪካ መንግሥታት በሽታው በምድራቸው መኖሩን ለማመን አይፈልጉም ነበር። ለማነጻጸር ያህል፣ ጎረቤቷ ኬንያ ኤድስን ብሔራዊ አደጋ ብላ ያወጀችው በ1999 ነው።

ከዚያ በመስከረም ወር ሌላ ማንቂያ መጣ። ፕሬዚዳንት ሙሴቬኒ ራሳቸው ደጋግመው እንደ ተረኩት፣ ሐራሬ ላይ በተደረገው የገለልተኛ አገሮች ጉባኤ ፊደል ካስትሮ ለብቻቸው ጠርተው አነጋገሯቸው። ለሥልጠና ወደ ኩባ ከተላኩት 60 የኡጋንዳ መኰንኖች መካከል 18ቱ ቫይረሱ በደማቸው ተገኝቷል አሏቸው። ለአንድ የጦር መሪ ይህ የጤና ዜና ብቻ አልነበረም። ከአሥር ወታደር ሦስቱ የታመመበት ጦር አገር ሊጠብቅ አይችልም።

በጤና ሚኒስቴር ሥር የኤድስ መቆጣጠሪያ ፕሮግራም ተቋቋመ፤ በአፍሪካ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነበር። ሥራው ለበሽተኛ የሚሰጠውን ደም መመርመር፣ ሥርጭቱን መከታተልና ሕዝብን ማስተማር ነበር። መድኃኒት እንደ ሆነ ገና አልነበረም። ስለዚህ የቀረው መሣሪያ ቃል ነበር። ፕሬዚዳንቱ በየሄዱበት ስብሰባ ስለ ኤድስ ሳይናገሩ አይመለሱም ነበር፤ አንበሳ መንደር ሲገባ ጮኾ ማስታወቅ ግዴታ ነው ይሉ ነበር። ጅብ ከሄደ በኋላ የሚጮኸውን ውሻ ለሚያውቅ ለእኛ ሰው ይህ አባባል ማብራሪያ አያስፈልገውም። መልእክቱን እስከ ታች ያደረሱት ደግሞ በየመንደሩ የተቋቋሙት የሕዝብ ምክር ቤቶች፣ መምህራንና የሃይማኖት አባቶች ነበሩ።

ከመፈክሮቹ ሁሉ የታወቀው ከከብት እርባታ የተወሰደ ነው። ከብትን መስክ ለመስክ ሳይለቁ በግቢ አስሮ ማብላትን የሚገልጸው ቃል «በጎረቤት ሣር አትሂድ፤ በቤትህ ጽና» የሚል ትርጉም ተሰጠው። ገበሬውም አርብቶ አደሩም ሰምቶ ይስቃል፤ እየሳቀም ይገባዋል። ስለ ኮንዶም ግን መጀመሪያ ላይ መንግሥቱም አመንትቶ ነበር፤ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያንም ተቃውማለች። በኋላ፣ በ1990ዎቹ፣ መታቀብ፣ መተማመንና ኮንዶም አንድ ላይ የሚሰጡ ትምህርቶች ሆኑ።

ይሁን እንጂ ከላይ የሚወርድ ቃል ብቻውን አልበቃም። የመጀመሪያው ዘመን ትምህርት በማስፈራራት ላይ ያተኰረ ስለ ነበረ፣ ሰው በሽታውን ብቻ ሳይሆን በሽተኛውንም መፍራት ጀመረ። ይህን ያቀኑት ሹማምንት አይደሉም፤ ሕመሙ ቤታቸው የገባባቸው ሰዎች ናቸው። ኖኤሪን ካሌባ በካምፓላው ሙላጎ ሆስፒታል የሰውነት ማጎልመሻ ሕክምና ባለሙያ ነበሩ። ባለቤታቸው ክሪስቶፈር በኤድስ ታመው በጥር 1987 ዐረፉ። እሳቸውም በዚያው ዓመት፣ ብዙዎቹ ቫይረሱ በደማቸው ካለ ጥቂት ጓደኞቻቸው ጋራ፣ «ታሶ» የተባለውን የኤድስ በሽተኞች መርጃ ማኅበር መሠረቱ። ሥራቸው ቤት ለቤት ሄዶ መጠየቅ፣ ማጽናናት፣ ማስታመምና ቤተሰብን መምከር ነበር። ቫይረሱ ያለበት ሰው ቀኑን ቈጥሮ ሞቱን የሚጠብቅ ሳይሆን የሚኖር ሰው ነው ብለው አስተማሩ። በእኛም አገር «መቅድም» እና «ተስፋ ጎህ» የተባሉት መሰል ማኅበራት የተቋቋሙት ከዚያ ዐሥር ዓመት ያህል ቆይቶ፣ በ1990ዎቹ ማብቂያ ገደማ ነው።

በ1989 ደግሞ በስዊድን ይኖር የነበረው ዝነኛው ዘፋኝ ፊሊ ሉታያ ወደ አገሩ ተመልሶ ኤድስ እንዳለበት በአደባባይ ተናገረ። ከታወቁ ኡጋንዳውያን ይህን ያደረገ እሱ የመጀመሪያው ነው። ያላመኑት ነበሩ፤ ገንዘብና ዝና ፈልጎ ነው ያሉትም ነበሩ። እሱ ግን ጉልበቱ እየደከመ በየትምህርት ቤቱና በየቤተ ክርስቲያኑ እየዞረ ተናገረ፣ ዘፈነም። በታኅሣሥ ወር 1989፣ በ38 ዓመቱ ሲሞት አሉባልታው አብሮት ተቀበረ። በ1992 ደግሞ ጌዴዎን ቢያሙጊሻ የተባሉ የአንግሊካን ቄስ ቫይረሱ በደማቸው እንዳለ በይፋ ገለጡ፤ ከአፍሪካ የሃይማኖት አገልጋዮች መካከል የመጀመሪያው ናቸው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቀን ልንለይ እንወዳለን። በሽታውን መግለጥ አንድ ነገር ነው፤ በሽተኛውን ማጋለጥ ሌላ ነገር ነው። ሉታያንም ሆነ ቄሱን ያጋለጣቸው ሰው የለም፤ በገዛ ፈቃዳቸው ተናገሩ። በ1990 በካምፓላ የተከፈተው የኤድስ መረጃ ማዕከል ይህንኑ መርሕ ይዞ ነበር። መመርመር የፈለገ ሰው ስሙን ሳይናገር ይመረመራል፤ ከምርመራው በፊትና በኋላ ምክር ይሰጠዋል፤ ውጤቱን የሚያውቀው እሱ ነው። አገሩ ሁሉ ስለ በሽታው በአደባባይ ሲነጋገር የያንዳንዱ ሰው ምስጢር ግን የራሱ ሆኖ ቆየ። ሰው ደፍሮ ወደ ምርመራ የሄደው ይህ ዋስትና ስለ ነበረው ነው ብንል አልተሳሳትንም።

በ1992 የኡጋንዳ ኤድስ ኮሚሽን በሕግ ተቋቋመ፤ የአንግሊካኑ ጳጳስ ሚሳኤሪ ካውማም በሊቀ መንበርነት መሩት። ሥራው የጤና ሚኒስቴር ብቻ መሆኑ ቀርቶ የትምህርት፣ የእርሻ፣ የመከላከያ መሥሪያ ቤቶች ሁሉ ድርሻ ሆነ። ያ ዓመት ሥርጭቱ ጫፍ የደረሰበት ነበር። ከአዋቂው ሕዝብ ከመቶው 18 ያህሉ ቫይረሱ እንዳለበት ይገመት ነበር፤ በአንዳንድ የከተማ ክሊኒኮች ከተመረመሩት ነፍሰ ጡሮች መካከል ከመቶው ወደ 30 ይደርስ ነበር። ዐሥር ዓመት ሳይሞላ አገራዊው ቁጥር ወደ ከመቶ 6 ገደማ ወረደ።

ነገር ግን ቁጥር ሲወርድ እልልታ ከመቅለጡ በፊት መጠየቅ ይገባል። ይህ ቁጥር የሚቈጥረው ሕያዋንን ነው፤ የሞተ አይቈጠርም። የወጣቱ ጠባይ በእርግጥ ተለውጧል፤ ከብዙ ሰው ጋራ መገናኘትም ቀንሷል። ዳሩ ግን ቁጥሩ ከወረደበት ምክንያት አንዱ የታመሙት በመቶ ሺሕ እየተቈጠሩ መቃብር መውረዳቸው ነው። ከኋላቸው የቀሩትን የሙት ልጆች ያሳደጉ አያቶች ይህን ከማንም በላይ ያውቁታል። ቃል ሕይወት አድኗል፤ የታመመውን ግን ሊፈውስ አልቻለም።

የመድኃኒቱ ታሪክ ከዚህ ይጀምራል። በ1990ዎቹ ማብቂያ በሀብታም አገሮች በሽተኛው ከአልጋ ሲነሣ፣ ለአንድ ሰው የዓመት መድኃኒት ዋጋው ከ10,000 ዶላር በላይ ነበር። በካምፓላ የጋራ ክሊኒካዊ ምርምር ማዕከልን ይመሩ የነበሩት ዶክተር ፒተር ሙጊዬኒ በ2000 ሲፕላ ከተባለው የህንድ ኩባንያ በርካሽ የተሠራውን ተመሳሳይ መድኃኒት፣ የባለ ፓተንቶቹን ኩባንያዎች ቁጣ ሳይፈሩ አስመጡ። በ2001 ይኸው ኩባንያ መድኃኒቱን በዓመት በ350 ዶላር ለመስጠት ቃል ገባ። በ1999 ደግሞ በሙላጎ የተደረገ ጥናት ለእናቲቱ በምጧ ጊዜ፣ ለሕፃኑም እንደ ተወለደ የሚሰጥ ኔቪራፒን የተባለ መድኃኒት፣ ያን ጊዜ ይሰጥ ከነበረው አጭር ሕክምና ጋራ ሲነጻጸር ከእናት ወደ ልጅ መተላለፍን በግማሽ ገደማ እንደሚቀንስ አሳየ። የአሜሪካና የዓለም አቀፉ ፈንድ ገንዘብ ሲመጣ፣ ከ2004 ጀምሮ መድኃኒቱ ለኡጋንዳ ሕዝብ በነፃ ይታደል ጀመር።

መንገዱ ከዚያ ወዲህ ቀጥ ያለ አልነበረም። በ2005 ዓለም አቀፉ ፈንድ ገንዘቡ በአግባቡ አልተያዘም ብሎ ለኡጋንዳ የሚሰጠውን እርዳታ ለተወሰነ ጊዜ አግዶ ነበር። በ2004 እና 2005 በተደረገው ቈጠራ ከመቶ 6.4 የነበረው ሥርጭት በ2011 ወደ 7.3 ከፍ አለ። ከፊሉ ምክንያት መልካም ነው፤ መድኃኒት የጀመረ ሰው አልሞተም። ከፊሉ ግን መዘናጋት ነው፤ ከበሮው ዝም ሲል ሰው አደጋው አለፈ አለ። በ2014 የወጣው ሕግ ደግሞ ቫይረሱን ሆን ብሎ ያስተላለፈን ሰው ይቀጣል፤ ሐኪሙም የታካሚውን ውጤት ለሌላ ሰው እንዲናገር በር ይከፍታል። ቫይረሱ ያለባቸው ሰዎች ማኅበራት ይህ ሰውን ከምርመራ ያሸሻል ብለው ተቃወሙ። ከላይ የለየነውን ልዩነት ላስተዋለ ሰው ተቃውሟቸው ይገባዋል። በ2020 እና 2021 በተደረገው ቈጠራ ቁጥሩ እንደገና ወደ 5.8 ወርዷል። በጥር 2025 የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታውን ባገደ ጊዜ ግን በኡጋንዳም በሌሎችም አገሮች የክሊኒኮች ሥራ ተናጋ። በሌላ ሰው ኪስ የተንጠለጠለ ጤና ምን ያህል እንደሚያሰጋ ራሽን ሲቀነስ ላየን ለእኛ ማስረዳት አያሻም።

ወደ ራሳችን እንመለስ። ስደተኛ በሽታ ይዞ ይመጣል የሚል ወሬ በየሄድንበት ይከተለናል። በ2007 በላንሴት የታተመ ጥናት ግን በ12 የስደተኞች ሰፈሮች የተገኘውን ቁጥር ከአካባቢው ሕዝብ ጋራ አነጻጽሮ፣ በ9ኙ የስደተኛው ቁጥር ያነሰ ሆኖ አግኝቶታል። ስደተኛ በግዴታ ይመርመር የሚለውንም አሠራር የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ኮሚሽን አይቀበለውም። እንግዲህ ስማችንን ለመጠበቅ በሽታውን መደበቅ አያስፈልገንም።

ዛሬ ከሉታያ ዘመን ይልቅ ዕድለኞች ነን። መድኃኒቱን በየቀኑ የሚወስድ ሰው ዕድሜው ይረዝማል፤ ቫይረሱ በምርመራ እስከማይታይ ድረስ ከቀነሰ በግብረ ሥጋ ግንኙነት ወደ ሌላ ሰው አያስተላልፍም፤ እናትም ጤናማ ልጅ ትወልዳለች። አብሮ በመብላት፣ በአንድ ጽዋ በመጠጣት፣ በመጨባበጥ የሚተላለፍ ነገር የለም።

የቀረው የእኛ ፋንታ ነው። ኡጋንዳ በሽታውን ገልጣ የበሽተኛውን ምስጢር ጠበቀች፤ ከመድኃኒቱ በፊት ብዙ ሰው ያተረፈችውም ያን ጊዜ ነው። በካምፓችን ግን ነገሩ ተገልብጦ ይታያል፤ ስለ በሽታው ዝም ይባላል፣ ስለ በሽተኛው ግን በውኃው ሰልፍም በቡናው ዙሪያም ይወራል። ይህን መገልበጥ ዶላርም ኮሚሽንም አይጠይቅም። ቡና ላይ ስለ ኤች.አይ.ቪ በስሙ ጠርተን እንነጋገር። ከክሊኒክ ያየነውን ሰው ስም ግን ከክሊኒኩ በር አናውጣ። ይህን ብናደርግ፣ ክኒኑን ከፍራሽ ሥር የሚሸሽገው ወገናችን አንድ ቀን ከሰው ፊት ውኃ ለምኖ ይውጠው ይሆናል።