የሳን ፍራንሲስኮ ግንበኞች፦ ማኅበር፣ ሕግና የገመድ መረብ

ሳን ፍራንሲስኮ ከ1849ኙ የወርቅ ፍለጋ ግርግር ጋር ድንገት የበቀለች፣ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ዓመታትም ደጋግማ የተቃጠለች ከተማ ናት (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ቤቱ ሁሉ ማለት ይቻላል የእንጨት ስለነበር አናጺ የማይፈለግበት ጊዜ አልነበረም። ከምሥራቁ የአሜሪካ ክፍል ወደዚያ መድረስ ግን ወራት ይፈጅ ነበርና የሠለጠነ እጅ እንደልብ አይገኝም። እጥረቱ ለባለሙያው የመደራደር ጉልበት ሰጠው። የከተማዋ የግንባታ ሠራተኞች በ1860ዎቹ የቀን ሥራ ከስምንት ሰዓት እንዳይበልጥ መጠየቅ ጀመሩ፤ በ1868 ደግሞ ካሊፎርኒያ ስምንት ሰዓትን ሕጋዊ የሥራ ቀን አድርጋ ደነገገች። ሕጉን የሚያስፈጽም አካል ስላልነበረ፣ አህጉሩን ያቋረጠው ባቡርም ሥራ ፈላጊውን በገፍ ስላመጣ፣ የ1870ዎቹ የኢኮኖሚ ድቀት ሲደርስ የተገኘው ሁሉ ተመልሶ ጠፋ። ከዚያ ወዲህ የመጣው ትውልድ የወረቀት ሕግን ብቻ አምኖ አልተቀመጠም።

በ1896 አናጺው፣ ድንጋይና ጡብ ግንበኛው፣ ለሳኙ፣ ቀለም ቀቢው፣ ቧንቧ ሠራተኛው በየፊናቸው የነበሯቸውን ማኅበራት አስተባብረው የሕንፃ ሙያዎች ምክር ቤትን አቋቋሙ። ሁለት ዓመት ቆይቶ ሊቀመንበርነቱን የያዘው ከአየርላንድ የመጣው አናጺ ፒ. ኤች. ማካርቲ ወንበሩን እስከ 1922 አልለቀቀም። የምክር ቤቱ ዋና መሣሪያ የሥራ ካርድ ነበር። በየጊዜው የሚታደሰውን ካርድ ያልያዘ ሠራተኛ በአንድ ሕንፃ ላይ ከተገኘ፣ ከግንብ ወደ ግንብ እየዞሩ የሚቆጣጠሩት የማኅበሩ ተወካዮች የሌሎቹን ሙያዎች ሥራ ሁሉ ማስቆም ይችሉ ነበር። ለተቋራጩ ይህ ከባድ ነገር ነው፤ ለሳኙ ቢያኮርፍ አናጺውም ቀለም ቀቢውም አብረው ይወርዱበታልና።

የዚህ ትብብር ጉልበት በ1900 ታየ። ምክር ቤቱ በር፣ መስኮትና ጣውላ በሚያዘጋጁት የእንጨት ፋብሪካዎች የስምንት ሰዓት ቀን እንዲከበር ጠየቀ፤ የፋብሪካ ባለቤቶቹ እምቢ ብለው ሠራተኞቹን በር ዘጉባቸው። ምክር ቤቱ አድማ መትቶ ብቻ አልጠበቀም። ገንዘብ አዋጥቶ የራሱን የእንጨት ፋብሪካ ከፈተና ለሚስማሙ ተቋራጮች ጣውላ ማቅረብ ጀመረ። በ1901 መጀመሪያ ጉዳዩ በሽምግልና ሲያልቅ ስምንት ሰዓቱ ጸደቀ፤ በምላሹ የማኅበሩ አባላት ረጅም ሰዓት ከሚያሠሩ የውጭ ፋብሪካዎች የመጣ ጣውላ ላለመንካት ቃል ገቡ። ስምምነቱ ባለፋብሪካውንም ከርካሽ ተወዳዳሪ ያድን ስለነበር ሁለቱም ወገን ጠበቀው። የሰዓቱ ጉዳይ የደመወዝ ብቻ አልነበረም፤ በዐሥረኛው ሰዓት መጋዝ ላይ የቆመ የደከመ ሰው ጣቶቹን ለማጣት ከማንም ይልቅ የቀረበ ነው።

ይሁንና የምክር ቤቱ በር ለሁሉም የተከፈተ አልነበረም። በ1905 ጃፓናውያንና ኮሪያውያን ወደ አገሪቱ እንዳይገቡ ለመቀስቀስ የተመሠረተውን፣ በኋላ የእስያውያን አግላይ ሊግ የተባለውን ማኅበር የመራው የምክር ቤቱ ጸሐፊ ኦላፍ ትቬትሞ ነበር። የካርዱ ጥበቃ የዘር አጥር ነበረው። በከተማዋ የሠራተኛ ታሪክ ውስጥ ይህ እንደ ትንሽ እንከን ተቆጥሮ የሚታለፍ አይደለም፤ ከአጥሩ ውጭ የቀረው ሰው ከደመወዙ ጋር በሥራ ላይ የሚኖረውንም ጥበቃ ያጣ ነበርና።

ሚያዝያ 18 ቀን 1906 ጎህ ሲቀድ የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥና ተከትሎት የተነሣው እሳት ወደ 28,000 ሕንፃዎችን አወደመ፤ ከከተማዋ ሕዝብ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ቤት አልባ ሆነ። በቀጣዮቹ ዓመታት በሳን ፍራንሲስኮ ግንበኛ እጅግ ተፈላጊ ሆነ። ምክር ቤቱ በዚህ ዘመን ከጉልበቱ ጫፍ ደረሰ፤ ማካርቲ በ1909 ምርጫ አሸንፎ ከ1910 እስከ 1912 መጀመሪያ የከተማዋ ከንቲባ ሆነ። በመልሶ ግንባታው ጥድፊያ ውስጥ ግን ከመወጣጫ የወደቀ ሰው ቤተሰብ ምን እንደሚበላ የሚደነግግ ሕግ ገና አልነበረም።

በዚያን ዘመን የተጎዳ ሠራተኛ ካሣ ለማግኘት አሠሪውን መክሰስና ጥፋተኛ መሆኑን ማስረዳት ነበረበት። አሠሪው ደግሞ ሦስት የታወቁ መከላከያዎች ነበሩት፦ ሠራተኛው አደጋውን እያወቀ ሥራውን ተቀብሏል፣ ጥፋቱ የሥራ ባልደረባው ነው፣ ወይም ራሱ ተጎጂው ተዘናግቷል። ከሦስቱ አንዱ ከተረጋገጠ ካሣው ብዙውን ጊዜ ይቀራል። ካሊፎርኒያ በገዥው ሂራም ጆንሰን ዘመን ይህን ሥርዓት ለወጠች። የ1911ዱ ሕግ ለአሠሪው ፈቃድ የተተወ ነበር፤ የ1913ቱ ግን አስገዳጅ ሆነ፤ ጥፋቱ የማንም ይሁን የማን ለሥራ ላይ ጉዳት ካሣ እንዲከፈል ደነገገ፣ የደኅንነት ትእዛዝ የማውጣት ሥልጣን ያለው የኢንዱስትሪ አደጋዎች ኮሚሽንንም አቋቋመ። ለግንባታው ዓለም ትልቁ ለውጥ በኢንሹራንሱ በኩል መጣ። ሥራው አደገኛ የሆነ ተቋራጭ የሚከፍለው ዐረቦን ስለሚከብድ፣ የሰው መውደቅ ለመጀመሪያ ጊዜ በሒሳብ መዝገቡ ላይ በቋሚነት የሚጻፍ ወጪ ሆነ። ከዚያ በፊት ለደኅንነት የሚከራከረው ሠራተኛው ብቻ ነበር፤ ከዚያ በኋላ የተቋራጩ ሒሳብ ሠራተኛም ጆሮውን መስጠት ጀመረ።

የጭንቅላት መከላከያውም ከዚህችው ከተማ ነው። ለማዕድን ሠራተኞች ዕቃ ያቀርብ የነበረው የቡላርድ ኩባንያ በ1919 በእንፋሎት ከታሸ ሸራና ከሙጫ የተሠራ፣ ጥቁር ቀለም የተቀባ ጠንካራ ባርኔጣ አወጣ። ሐሳቡን ያመጣው ከአንደኛው የዓለም ጦርነት የተመለሰው የባለቤቱ ልጅ ነበር፤ መነሻ የሆነው ወታደሮች በግንባር የሚደፉት የብረት ቆብ ነው። ዛሬ በአዲስ አበባ ግንባታዎች ሄልሜት የሚባለው የፕላስቲክ ቆብ የዚያ ሸራ ባርኔጣ የሩቅ ዘር ነው።

ተቋራጮቹም ዝም ብለው አልተቀመጡም። በ1918 የአሜሪካ ጠቅላላ ተቋራጮች አገር አቀፍ ማኅበራቸውን መሠረቱ፤ በሳን ፍራንሲስኮ ደግሞ ቢልደርስ ኤክስቼንጅ የተባለው የተቋራጮችና የዕቃ አቅራቢዎች ማኅበር የምክር ቤቱ ቀጥተኛ ተፋላሚ ሆነ። በ1921 የሽምግልና ጉባኤ ደመወዝ በ7.5 ከመቶ እንዲቀንስ ወሰነ። ሠራተኞቹ ውሳኔውን አንቀበልም ሲሉ አሠሪዎቹ ሥራ ዘጉ፤ በዚያው ዓመት የከተማዋ ባለሀብቶች የኢንዱስትሪ ማኅበር የሚባል አቋቁመው የማኅበር አባልነት ግዴታ ያልሆነበትን «የአሜሪካ ዕቅድ» በሥራ ላይ አዋሉ። ዘዴያቸው ከምክር ቤቱ የሥራ ካርድ የተቀዳ ይመስላል፦ ሲሚንቶ፣ ጡብ፣ ኖራና ጠጠር ለመግዛት ፈቃድ ያስፈልግ ነበር፤ ፈቃዱ የሚሰጠው ደግሞ ዕቅዱን ለተቀበለ ተቋራጭ ብቻ ነው። የፌዴራል መንግሥት ይህ የንግድ ነፃነትን ይጥሳል ብሎ ከሰሰ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግን በ1925 ቁጥጥሩ በአመዛኙ በዚያው ግዛት በሚመረቱ ዕቃዎች ላይ የተወሰነ መሆኑን ተመልክቶ ለማኅበሩ ፈረደ። ምክር ቤቱ ተሰበረ፣ ማካርቲም ለቀቀ። ጡብ የያዘ ሰው ጡብ የሚደረድረውን ሰው አሸነፈው።

የሠራተኛ ማኅበራቱ በዚህ ሁኔታ ላይ እያሉ ነው ሁለቱ ታላላቅ ድልድዮች የተጀመሩት። ሁለቱም በ1933 ሥራቸው ተጀመረ፤ ወደ ኦክላንድ የሚያሻግረው ቤይ ድልድይ በኅዳር 1936፣ ጎልደን ጌት ደግሞ በግንቦት 1937 ተከፈተ። ጊዜው የታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን ነበር። አንድ ሠራተኛ ቢቀር ቦታውን የሚለምኑ ብዙዎች ስለነበሩ፣ አሠሪ ለደኅንነት ሳይጨነቅ ማሠራት የሚቀለው ከመቼውም ይልቅ በዚያ ወቅት ነበር። የሙያው ሰዎችም ለአንድ ሚሊዮን ዶላር ሥራ የአንድ ሰው ሞት የሚጠበቅ ነው የሚል ልማዳዊ ስሌት ነበራቸው። ጎልደን ጌት 35 ሚሊዮን ዶላር ተመድቦለታል፤ በዚያ ስሌት 35 ሰው አስቀድሞ ለሞት ተቆጥሮ ነበር ማለት ነው።

ዋናው መሐንዲስ ጆሴፍ ስትራውስ ስሌቱን አልተቀበለም። የሠራተኛው ሁሉ ጭንቅላት በቡላርድ ባርኔጣ እንዲሸፈን ግዴታ ሆነ፤ ከውኃው የሚያንጸባርቀውን ብርሃን የሚከላከል መነጽር፣ ለፊትና ለእጅ ከነፋስ የሚጠብቅ ቅባት ታደለ፤ በሥራው ቦታ የሕክምና ጣቢያ ተከፈተ። ከፍታ ላይ ጀብዱ ለማሳየት የሚሞክር ሰው ወዲያው ይባረር ነበር። ይህ የመጨረሻው ደንብ የብረት ሠራተኛውን ባሕል የነካ ነው፤ አለመፍራት የሙያው ክብር ተደርጎ ይቆጠር ነበርና። ያልታሰበ አደጋም መጣ። የማማዎቹ ብረት ዝገት እንዳይበላው የተቀባው ቀለም እርሳስ የሚባለው ማዕድን ነበረበት፤ የጋለ ሪቬት ሲመታበት በሚወጣው ጭስ ሠራተኞች ተመረዙ። መጀመሪያ ሕመሙ ሌላ በሽታ መስሎ ነበር፤ ምክንያቱ ከታወቀ በኋላ ቀለሙ ተለወጠ፣ የአፍንጫና የአፍ መሸፈኛም ተሰጠ።

ከሁሉም የሚልቀው ግን መረቡ ነው። የመንገዱ ወለል መሠራት ሲጀምር፣ በ1936፣ ከ130,000 ዶላር በላይ ወጥቶበት ከማኒላ ገመድ የተሠራ መረብ ከድልድዩ ሥር ተዘረጋ። ከድልድዩ ስፋት በሁለቱም ጎን ሦስት ሜትር ያህል ይተርፍ ነበር፤ ሥራው ወደፊት ሲገፋ እሱም አብሮ ይገፋል። ሰዎች በነፋስና በጭጋግ መካከል ከወትሮው በተሻለ ልበ ሙሉነት ስለሠሩ ለሥራው ፍጥነትም ጠቅሟል ይባልለታል። በጠቅላላው 19 ሰዎችን ከሞት አድኗል፤ እነሱም ራሳቸውን ወደ ሲኦል ግማሽ መንገድ የሄዱ ሰዎች ክበብ ብለው ሰየሙ። ያ መረብ ባይኖር ኖሮ የእነዚያ ሰዎች ስም ዛሬ በሟቾች ሰሌዳ ላይ ይነበብ ነበር።

ሥራው ከተጀመረ ሦስት ዓመት ከመንፈቅ በላይ አንድም ሰው ሳይሞት አለፈ። በጥቅምት 1936 የወደቀ የዕቃ ማንሻ አንድ ሠራተኛ ገደለ። ቀጥሎ የካቲት 17 ቀን 1937 መጣ። አርማታው ከደረቀ በኋላ የእንጨት ቅርጾቹን ከወለሉ ሥር የሚነቅሉ ሠራተኞች የቆሙበት ተንጠልጣይ መድረክ ማያያዣዎቹ ለቀቁ፤ ብዙ ቶን የሚመዝነው መድረክ መረቡ ላይ ወደቀና ቀደደው። 12 ሰዎች ከ60 ሜትር በላይ ቁልቁል ወደ ባሕሩ ገቡ፤ የተረፉት ሁለት ብቻ ናቸው። መረቡ የተሠራው ለሰው ክብደት እንጂ ለመድረክ ክብደት አልነበረም። በድልድዩ ሥራ የሞቱት በጠቅላላው 11 ናቸው፤ በዚያው ባሕረ ሰላጤ ላይ በዚያው ዘመን የተሠራው ቤይ ድልድይ ከ20 በላይ ሰዎችን ገድሏል፤ እርግጥ እሱ እጅግ ረጅምና ከፍ ያለ ወጪ የጠየቀ ሥራ ነው። ዐሥሩ ሰዎች በአንድ ቀን ማለቃቸው የመረቡን ዋጋ አያሳንስም፤ ከመረቡ በላይ የተንጠለጠለው መድረክም የመረቡን ያህል መመርመር እንደነበረበት ግን በግልጽ አሳይቷል።

የስትራውስ ደንብ የአንድ ሰውና የአንድ ሥራ ደንብ ነበር። ለሁሉም ግንባታ ግዴታ እስኪሆን ሌላ ትውልድ አለፈ። የፌዴራሉ የሥራ ደኅንነትና ጤና ሕግ በታኅሣሥ 1970 ተፈረመ፣ በሚያዝያ 28 ቀን 1971 ሥራ ላይ ዋለ፤ የአሜሪካ የሠራተኛ ማኅበራት ከ1989 ጀምሮ በሥራ ላይ የሞቱትን የሚያስቡት በዚሁ ቀን ነው። በሰኔ 1971 በሎስ አንጀለስ ሲልማር በተባለ ሰፈር በሚቆፈር የውኃ ዋሻ ውስጥ ጋዝ ፈንድቶ 17 ሰዎች ስለሞቱ ካሊፎርኒያ በዋሻ ሥራ ላይ ጥብቅ ሕግ አወጣች፤ በ1973ም የራሷን የቁጥጥር ሥርዓት ዘረጋች። በኅዳር 1989 በሳን ፍራንሲስኮ እምብርት አንድ ታወር ክሬን ተገንድሶ 5 ሰዎች ሞቱ፤ ከዚያ በኋላ ታወር ክሬን ያለ ልዩ ፈቃድ ማቆም ተከለከለ። የአብዛኛው ደንብ ታሪክ እንዲህ ነው፤ አንቀጹ የሚጻፈው ከቀብር በኋላ ነው።

ዛሬ በካሊፎርኒያ የግንባታ ኃላፊ ቢያንስ በየዐሥር የሥራ ቀኑ ሠራተኞቹን ሰብስቦ ስለ ደኅንነት እንዲነጋገር ይገደዳል። አጭር ስብሰባ ናት፤ ብዙ ጊዜ በጭነት መኪና ጀርባ ዙሪያ ቆመው ያካሂዷታል። የተቋራጮች ማኅበራት ሥልጠና ይሰጣሉ፣ አደጋ ላልደረሰባቸው አባላት ሽልማት ያዘጋጃሉ፣ አዲስ ደንብ ሲረቀቅ ደግሞ ወጪውን እያነሡ በሕግ አውጪዎች ፊት ይከራከራሉ፤ የሠራተኛ ማኅበራት በበኩላቸው ከጠረጴዛው ማዶ ይቀመጣሉ። ከ2014 ጀምሮ በየዓመቱ ለመውደቅ አደጋ ተብሎ ሥራ የሚቆምበት አገር አቀፍ ዘመቻ ሁለቱንም ወገን ያገናኛል። በ2005 ካሊፎርኒያ ከፀሐይ በታች ለሚሠሩ ሁሉ ውኃ፣ ጥላና ዕረፍት የሚያስገድድ የሙቀት ደንብ በማውጣት ከግዛቶቹ ሁሉ ቀደመች።

ጥበቃው የሚሳሳው ማኅበሩ በሌለበት ነው። በሳን ፍራንሲስኮ ሴዛር ቻቬዝ ጎዳና ላይ ማለዳ የሚቆሙት የቀን ሠራተኞች፣ አብዛኞቹ ከላቲን አሜሪካ የመጡ ስደተኞች ናቸው። የሚወስዳቸው አነስተኛ ተቋራጭ ወይም የቤት ባለቤት ነው፤ ጣራ ላይ የሚወጡት ብዙ ጊዜ ያለ ማሰሪያ፣ ያለ ስብሰባ፣ ያለ ተወካይ ነው። በ2002 የወጣ የካሊፎርኒያ ሕግ የሥራ መብትና የደኅንነት ጥበቃ የመኖሪያ ፈቃድ ሳይጠየቅ ለማንኛውም ሠራተኛ እንደሚሠራ ደንግጓል። የከተማዋ የቀን ሠራተኞች ማዕከልም ይህን መብት በስፓኒሽ ያስተምራል፣ ያልተከፈለ ደመወዝ ያስጠይቃል፣ ከ1905ቱ አጥር ውጭ የቀሩትን የመሰሉ ሰዎች በስማቸው የሚመዘገቡበት ደብተርም ይይዛል።