እማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ፣ የፒያኖ ሙዚቃ ደራሲ

እውቋ የፒያኖ ሙዚቃ ደራሲ እማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ በታህሳስ ወር 1916 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተወለዱ። የዓለም ስማቸው የውብዳር ሲሆን አባታቸው ከንቲባ ገብሩ ደስታ ናቸው። በስድስት ዓመታቸው ከእህታቸው ጋር ወደ ስዊዘርላንድ ተልከው ቫዮሊንና ፒያኖ ተምረዋል።

በፋሺስት ወረራ ዘመን ከቤተሰባቸው ጋር በጣልያን አገር በግዞት ቆይተዋል። ከነጻነት በኋላ በካይሮ በአሌክሳንደር ኮንቶሮቪች ዘንድ ትምህርታቸውን ቀጠሉ። በለንደን ለመማር ያገኙት ዕድል ግን ፈቃድ በመከልከሉ ሳይሳካ ቀረ። ከዚያ በኋላ ወሎ ወደሚገኘው ግሸን ማርያም አምርተው መነኮሱ፤ በገዳሙም ለአሥር ዓመታት ያህል ያለ ጫማ ኖሩ።

በኋላ በጎንደር የቅዱስ ያሬድን ዜማ ሲያጠኑ የቆሎ ተማሪዎችን ኑሮ ተመለከቱ። በጎጃም በደብረ ወርቅና በዲማ አድባራትም የታወቀ ኑሮ ነው፤ ተማሪው በየደጁ እየለመነ፣ አንዳንዴም ውጪ እያደረ ይማራል። እማሆይ የሚሰጡት ገንዘብ አልነበራቸውም። ስለዚህ ድርሰቶቻቸውን እ.ኤ.አ. በ1967 በጀርመን በሸክላ አሳትመው ገቢውን ለችግረኛ ልጆች መርጃ አዋሉ።

ድርሰቶቹ የአውሮፓን የፒያኖ ስልት ከአገር ቤት ቅኝት ጋር ያጣምራሉ። ምታቸው እንደ ቤተ ክርስቲያን ዜማ ልል በመሆኑ በጣት እየቆጠሩ ለመከተል አይመቹም፤ ውበታቸውም በዚሁ ነው።

እማሆይ እ.ኤ.አ. በ1984 ወደ ኢየሩሳሌም ሄደው በኢትዮጵያ ገዳም ኖሩ። «ኢትዮፒክስ» የተሰኘው የሙዚቃ ስብስብ 21ኛ ቅጽ እ.ኤ.አ. በ2006 ሲወጣ ሥራቸው በዓለም ዙሪያ በስፋት ተሰማ። መጋቢት 17 ቀን 2015 ዓ.ም. በ99 ዓመታቸው በኢየሩሳሌም አርፈዋል።